ኒውሮሎጂ ማች አድርጌያለሁ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን የሚቀበለኝ አጣሁ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ትምህርቴን አገር ቤት ነው የጨረስኩት። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ፈተናዎቹን አልፌ ከአሜሪካ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬቴን ይዣለሁ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ ለኒውሮሎጂ (የነርቭ ሕክምና) ሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ አመልክቼ ማች አደረግሁ፤ ማች አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በየምርጫ ዝርዝራቸው የሚያገናኘው ድልድል ነው። ያገኘሁት ቦታ ግን አድቫንስድ የሚባለው ዓይነት ነው። ሥልጠናው የሚጀምረው ከሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ እኔም የምገባው የሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የኢንተርናል ሜዲሲን (የውስጥ ደዌ) ዓመት፣ ፕሪሊም የምንለውን፣ ለብቻው ማግኘት ነበረብኝ። በዝርዝሬ ላይ ያስገባሁት አራት ፕሪሊም ብቻ ነበር፤ አንዱም አልሆነም። በማች ሳምንት ሰኞ የደረሰኝ ኢሜይል በከፊል ማች ማድረጌን ይናገራል።

ሶፕ ውስጥ፣ ቦታ ያላገኙ ሰዎች በዚያው ሳምንት ለቀሩት ክፍት ቦታዎች በሚያመለክቱበት ሂደት፣ ገባሁ። ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ክፍት ፕሪሊሞች አብዛኞቹ የሰርጀሪ ነበሩ። ላሉት ጥቂት የሜዲሲንና የትራንዚሽናል (በልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያዞር የአንድ ዓመት ሥልጠና) ቦታዎች አመለከትኩ፤ ሁለት ፕሮግራሞች በስልክ አነጋገሩኝ። ሐሙስ ዕለት ግን አራቱም ዙር አንድም ቦታ ሳይሰጠኝ አለቀ።

እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ስለተናገረች ዘመድ እየደወለ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኛል። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ለኒውሮሎጂው ፕሮግራምም እስካሁን አልነገርኩም፤ ከሰሙ ቦታዬን የሚሰርዙብኝ ይመስለኛል። አንዲት ጓደኛዬ «ሰርጀሪ አሁንም ክፍት አለ፣ እሱን ያዢና ዓመቱን ግፊ» ትለኛለች። ሌላው «ኒውሮሎጂውን ተይውና ክፍት የሆነ የሦስት ዓመት ሜዲሲን ፈልጊ» ይላል። ገንዘብ ከከፈልኩት ቦታ እንደሚያስገባኝ የነገረኝም ሰው አለ። ጁላይ እየደረሰ ነው። ከየት ልጀምር?

የጨነቃት ሐኪም፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ውድ እህቴ፣

አስቀድሜ እንኳን ደስ አለሽ። የእናትሽ ደስታ ልክ ነው፤ የኒውሮሎጂው ቦታ ያንቺ ነው። የጎደለሽ አንድ ዓመት ነው፣ እሱም ከሶፕ በኋላ ሊገኝ ይችላል። ጊዜው ስለሚያጥር ከሁሉ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ ዛሬውኑ ለኒውሮሎጂ ፕሮግራም ዳይሬክተርሽ ጻፊ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

የማች ውጤት አንቺንም ፕሮግራሙንም እኩል ያስራል። ዳይሬክተሩ ፕሪሊም አላገኘችም ብሎ በራሱ ሥልጣን አይሰርዝሽም፤ አንቺም ተስፋ ቆርጠሽ በራስሽ ፈቃድ ልትተዪው አትችዪም። ከግዴታው መውጣትም ሆነ መግቢያውን በአንድ ዓመት ማሸጋገር ማቹን የሚያካሂደውን ኤንአርኤምፒን አስፈቅዶ የሚደረግ ነገር ነው። ቦታሽን በእውነት አደጋ ላይ የሚጥለው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርሺ የመግቢያው ቀን ከደረሰ ሥልጠናውን ለመጀመር ብቁ አትሆኚም። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የሰው ጉድለት ይገጥመዋል፣ መፍትሔ መፈለጊያ ጊዜም አይኖረውም። አሁን ከነገርሽው ግን አንድ ዓመት ከምናምን አለው። አንቺን መርጦ በዝርዝሩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ስለሆነ፣ ዓመቱን እንድታገኚ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነው።

ስትጽፊለት ማዘንሽን አታብዢው። የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪውና የምትፈልጊውን በግልጽ ጠይቂ። አንደኛ፣ በዚያው ሆስፒታል ያለውን የኢንተርናል ሜዲሲን ዳይሬክተር እንዲያነጋግርልሽ። ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ ይህ ነው። አንድ ፕሮግራም የተፈቀደለት የሬዚደንት ቁጥር ሞልቶ እንኳ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ አንድ ሰው ለመጨመር ለሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠውን ኤሲጂኤምኢን ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚሄደው በሆስፒታሉ የሬዚደንሲ ትምህርት ኃላፊ በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናክለው የደመወዙ ነገር ነው፤ የኒውሮሎጂ ክፍሉ ሊሸፍነው ወይም ሊጋራው ፈቃደኛ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አንቺ በቀጥታ የሜዲሲን ክፍሉን ብትጠይቂ «ቦታ የለንም» ከመባል አያልፍም፤ ዳይሬክተር ለዳይሬክተር ሲነጋገር ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ የተረጋገጠ የሁለተኛ ዓመት ቦታ እንዳለሽና ፕሮግራሙ እንደሚጠብቅሽ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በሆስፒታሉ ማኅተም እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ለአንድ ዓመት ብቻ ሰው የሚፈልግ የሜዲሲን ፕሮግራም ስለአመልካቹ ቀጣይ መንገድ ማወቅ ይፈልጋል፤ ያ ደብዳቤ ጥያቄውን አስቀድሞ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ዓመት ዘግይቶ ቢጀምር፣ ለምሳሌ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ላይ፣ የአንቺንም መግቢያ በዚያው ልክ ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ወደ ሰርጀሪው ምክር። ጓደኛሽ በክፋት አላለችም። ለሬዲዮሎጂ ወይም ለአኔስቴዢያ ማች ያደረገ ሰው የሰርጀሪ ፕሪሊም ይዞ መግባት ስለሚችል ምክሩ ለእነሱ ይሠራል። ለኒውሮሎጂ ግን አይሠራም። የኤሲጂኤምኢ መስፈርት የመጀመሪያው ዓመት በኢንተርናል ሜዲሲን ላይ የቆመ እንዲሆን ይፈልጋል፦ በሽተኛውን ራስሽ በኃላፊነት የያዝሽበት 8 ወር በኢንተርናል ሜዲሲን፣ ወይም 6 ወር በኢንተርናል ሜዲሲን ሆኖ ቢያንስ 2 ወር ደግሞ እንደ ድንገተኛ ወይም ሕፃናት ሕክምና ባሉ ክፍሎች። የሰርጀሪ ፕሪሊም ይህን አያሟላም። ያን የመሰለ ከባድ ዓመት ጨርሰሽ ለኒውሮሎጂ የማይቆጠር ሲሆን ማየት ከአሁኑ ጭንቀት የከፋ ነው። ስለዚህ አትያዢው።

ትራንዚሽናል ዓመት ግን ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ኤሌክቲቭ (በምርጫ የሚወሰድ ወር) የሚበዛባቸው አሉ፤ ስሙ ብቻ ለማንም ዋስትና አይሆንም። ቦታውን ከመቀበልሽ በፊት የ12ቱን ወር ፕሮግራም አስልኪ፣ የሜዲሲን ወራቱን አንድ በአንድ ቁጠሪ፣ ከዚያ ለኒውሮሎጂ ዳይሬክተርሽ አስተላልፈሽ «ይህ ይበቃል» የሚል መልስ በኢሜይል ተቀበይ። ኤሌክቲቮቹን ወደ ሜዲሲን ዋርድና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነም ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ በሶፕ ጊዜ እነሱ ሳይደውሉልሽ አንቺ ፕሮግራሞችን ማነጋገር ክልክል ነበር። ያ ክልከላ ከሶፕ ማብቃት ጋር አብቅቷል፤ አሁን መጻፍም መደወልም ትችያለሽ። በኤንአርኤምፒ ገጽሽ ላይ ሳይሞሉ የቀሩትን ተመልከቺ፤ ግን እዚያ አታቁሚ። ከአሁን በኋላ የሚከፈቱት ቦታዎች አብዛኞቹ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የማይወጡ ናቸው። ማች ካደረጉት መካከል በሰዓቱ የማይመረቅ አለ፣ ቪዛ የሚከለከል አለ፣ የስቴቱ የሥልጠና ፈቃድ የማይደርስለት አለ፣ በቤተሰብ ምክንያት የሚቀርም አለ። እንዲህ ያለው ወሬ የሚሰማው ሜይና ጁን ላይ ነው፤ አንዳንዱ ከጁላይ 1 በኋላም ይመጣል። ፕሮግራሙም ያን ጊዜ አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ ኢሜይሉ ውስጥ የተቀመጠውን ዝግጁ ሰው ይጠራል። ስለዚህ ፕሪሊም የሌላቸውን የሜዲሲን ፕሮግራሞችም ጨምረሽ ጻፊ፤ ከሦስት ዓመት ሠልጣኞቻቸው አንዱ ሲጎድል ለአንድ ዓመት የሚሞላላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። የሁሉንም ስምና የዳይሬክተራቸውን ማንነት በኤሲጂኤምኢ የሕዝብ ድረ ገጽ በየስቴቱ ታገኛለሽ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። በርዕሱ ላይ ሁሉንም አስቀምጪ፦ ለመጀመሪያ ዓመት ፕሪሊም፣ ኒውሮሎጂ ማች ያደረገች፣ ግሪን ካርድ ያላት፣ ጁላይ 1 ዝግጁ። ግሪን ካርድሽን እንደ ትንሽ ነገር አትይው። በቪዛ ምክንያት ሰው የጎደለበት ዳይሬክተር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ በአራት ወይም በአምስት መስመር የት ማች እንዳደረግሽ፣ የፈተና ውጤትሽን፣ የተመረቅሽበትን ዓመትና አሜሪካ ውስጥ ያለሽን የክሊኒክ ልምድ ጻፊ። ለዳይሬክተሩ ስትልኪ ለኮኦርዲኔተሯም ግልባጭ ይድረሳት፤ ክፍት ቦታ መኖሩን መጀመሪያ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ የሚመስል ኢሜይል ግን ሳይነበብ ይቀራል፤ ስማቸውን ጠቅሰሽ ለየብቻ ላኪ። በሁለት ሦስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ደውዪ። በጁን አጋማሽ ላይ ደግሞ ለሁሉም እንደገና ጻፊ፤ የመጀመሪያው ኢሜይል የደረሰው ቦታ ባልነበረበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ከኢሜይሉ ጋር የሚሄደው አንድ ፒዲኤፍ ነው፦ ሲቪ፣ የፈተና ውጤቶች፣ የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት፣ የግል መግለጫ፣ በመጨረሻም ያ የኒውሮሎጂው ደብዳቤ። የግል መግለጫሽ ስለ ኒውሮሎጂ የተጻፈው ከሆነ ለሜዲሲን ዓመት የሚሆን ሌላ ጻፊ። የድጋፍ ደብዳቤዎችሽን የማየት መብትሽን ትተሽ ከሆነ ከኢራስ፣ ከማመልከቻው ሥርዓት፣ አውጥተሽ ልትልኪያቸው አትችዪም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹን አሁኑኑ አነጋግሪና ፕሮግራም ሲጠይቃቸው በቀጥታ እንዲልኩ አዘጋጂያቸው። ኢራስ የዓመቱን በር የሚዘጋው ሜይ መጨረሻ ላይ ነውና ከዚያ የሚያስፈልግሽን ሁሉ ቀድመሽ አስቀምጪ።

ቦታ ተገኝቶ ወረቀት ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜም አለ። የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የጉድፍ የደም ምርመራ ውጤት፣ የቲቢ ምርመራ፣ የቢኤልኤስና የኤሲኤልኤስ (የነፍስ አድን ሥልጠና) ካርድ ከአሁኑ ይዘጋጁ። የስቴት የሥልጠና ፈቃድ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከሕክምና ትምህርት ቤትሽ የሚላክ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ስቴትም አለ። አገር ቤት ያለ ሬጅስትራር ቢሮ በፍጥነት እንዲመልስ የሚከታተልልሽ ሰው አስቀድመሽ ወክዪ።

ኒውሮሎጂውን ትተሽ የሦስት ዓመት ሜዲሲን ስለመያዝ የተሰጠሽ ምክር አደገኛ ነው። ኤንአርኤምፒ ሳይፈቅድ ሌላ የሚጋጭ ውል መፈረም የማች ስምምነትን መጣስ ነው፤ ለዓመታት ከማች ሊያስወጣሽ፣ በስምሽም ላይ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። የሦስት ዓመት ክፍት ቦታ ካገኘሽ ከመጀመሪያው ቀን ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን ንገሪያቸው። ገንዘብ ለጠየቀሽ ሰው ደግሞ ምንም አትክፈዪ፣ ፓስፖርትሽንም የኢሲኤፍኤምጂ ቁጥርሽንም አትስጪው። እውነተኛ የሬዚደንሲ ቦታ የሚሰጠው ሆስፒታሉ በራሱ ውል ነው፣ ደመወዝም ይከፍልሻል።

በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ሆናችሁ ጄ 1 ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ አንባቢዎች፦ ስፖንሰርሺፑ የሚመጣው በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ነው። የተፈረመ ውልና ከአገራችሁ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ጊዜ ስለሚወስድ አዲስ አበባ ያለውን ሂደት ቦታው ሳይገኝ ጀምሩት። ኤች 1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ የምታስቡ ደግሞ ስቴፕ 3 የተባለውን የሐኪሞች ፈተና ሳታልፉ አይሆንም።

እህቴ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ እስከ ኦገስት ካልተሳካ፣ ከዳይሬክተርሽ ጋር ሆነሽ መግቢያሽን በአንድ ዓመት ለማሸጋገር ኤንአርኤምፒን ጠይቁ። ከተፈቀደ ሴፕቴምበር ላይ ለመጀመሪያ ዓመት ቦታዎች ብቻ ታመለክቻለሽ። ዘንድሮ የጎዳሽ የዝርዝሩ ማጠር ይመስለኛል። ፕሪሊሞቹን የያዘው ተጨማሪው ዝርዝር የሚሠራው አድቫንስዱን ካገኘሽ በኋላ ነው፤ አራት ስም ብቻ ከያዘና አራቱም በሌላ ሰው ከሞሉ የሚሄድበት ቦታ የለውም። በመጪው ዙር ፕሪሊሞቹ ዋናው ዝርዝርሽ ላይ ይገባሉ። በደንብ አስፍተሽ አመልክቺ፣ ቃለ መጠይቅ ካደረግሽባቸው ውስጥም ልትሠሪበት የምትችዪውን ሁሉ ሳትተዪ አስገቢ። በመሀል ያለውን ጊዜ ለስቴፕ 3 እና፣ ከፈቀዱልሽ፣ በዚያው የኒውሮሎጂ ክፍል ለሚሠራ ጥናት አውዪው። ዳይሬክተሩ የሚሰጥሽ ደብዳቤም ያኔ ቀኑ ብቻ ታድሶ ከማመልከቻሽ ጋር ይሄዳል።