ልጅሽን ባሕር ኃይል አካዳሚ ለፈለገብሽ እህቴ

ሰላም እህቴ። አናፖሊስ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ልጅሽን ለአሜሪካ ፉትቦል (በእጅ ለሚጫወቱት) ፈልጎት፣ "ከምረቃ በኋላ ያለው የአምስት ዓመት ውትድርና ኳሱን አይገድልበትም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔም ልጅ በዚያው በር ስለገባ ያየሁትን ልንገርሽ።

እኛም ቤት ክርክሩ ይኸው ነበር። ልጄ አባቱን የሞገተው በሮጀር ስታውባክ ነው። ሰውዬው እንደ ፈረንጆቹ በ1963 የአካዳሚው ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ሆኖ የሄይስማንን ሽልማት ወሰደ። በኮሌጅ ፉትቦል ከዚያ የሚበልጥ የግል ክብር የለም። ግን ቀለም መለየት ስለሚቸግረው ስንቅና ትጥቅ ክፍል ተመደበ። ቬትናም ልዘምት ብሎ የጠየቀውም ራሱ ነው። ቹ ላይ በተባለ ቦታ ሲያገለግል፣ ቀድሞ የመረጠው የፕሮፌሽናል ቡድን፣ ዳላስ ካውቦይስ፣ ኳስ ይልክለት ነበር። ቡድኑን የተቀላቀለው በ1969፣ በ27 ዓመቱ ነው። ከዚያ ሁለት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የፕሮፌሽናሎቹን የዋንጫ ፍጻሜ፣ በላ።

ልጄ ይህን ሲያወራ የሚታየው ሱፐር ቦውሉ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን መሃል ላይ ያሉት አራት ዓመታት ናቸው። ያኔ ግዴታው አራት ዓመት ነበር፤ ስታውባክ እንኳ አገልግሎቱን ሳያጓድል ነው የጨረሰው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቃቸው መርከብ፣ አውሮፕላን ወይም ማሪን (የባሕር ኃይሉ እግረኛ ጦር) ነው። ስለዚህ ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ኳሱ ባይኖርስ ትገባለህ?

እኛ አልጠየቅነውም ነበር። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ኳሱ በዚያው ቀረ። ደግነቱ፣ ግዴታው የሚጸናው ሦስተኛ ዓመት ሲጀምሩ በሚፈርሙት ፊርማ ነው፤ እስከዚያ መውጣት ይቻላል። ያን ክረምት ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን አወራን። አልቅሷል፣ እኔም አልቅሻለሁ። መጨረሻ ላይ "እማ፣ መርከቡን እፈልገዋለሁ" አለኝ። ሄዶ ፈረመ። ዛሬ መኮንን ነው።

አሠልጣኙ ስለፈለገው ብቻ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ከሴናተር ወይም ከኮንግረስ አባል ዕጩነት ያስፈልገዋል፣ የሕክምና ምርመራም አለ። ሁለቱንም በጊዜ ጀምሩ።

ከገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን አትቅሪ። ጠዋት ጸጉራቸውን ይላጫሉ፣ ማምሻውን ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፣ ከዚያ ከቤተሰብ ጋር ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ልጄን በነጭ ልብስ፣ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ሳየው አላወቅኩትም፤ አልፌው ልሄድ ስል "እማ!" ብሎ ጠራኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። አንድ እፍኝ ቆሞ በላና ሮጦ ገባ።