አባባ ብረቱን ለምን «የለም» አሉ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ነሽ? አባቴ ወገባቸውን እያመማቸው ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው ምርመራ) ታዘዘላቸው። ባለሙያው «ሰውነትዎ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ኧረ የለም» አሉ። ከዓመታት በፊት ግን ባጃጅ ገጭቷቸው ጭናቸው ውስጥ ብረት ገብቷል፤ ዓይናቸውም ሞራ ተገፎ ሌንስ ገብቶለታል። ይህን ስናገር ቀጠሮው ተላለፈና ወረቀት አምጡ ተባልን። እንዲህ ያለ ሰው ያን ያህል ብዙ ነው? ወይስ ዝም ብለው አንገላቱን?
(ከሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አላንገላቷችሁም እህቴ፤ እንዲህ ያለ ሰው በጣም ብዙ ነው። እዚሁ ሀዋሳ ቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ የኖርኩ ነኝ። ተኝቶ ታካሚ ስቀበል ከማልዘላቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው እንደ አባትሽ «የለም» ይለኛል። ልብስ ሲቀየር ጠባሳው ይታያል። «ይሄስ አባባ?» ስላቸው «እሱማ ድሮ ነው፣ ድኗል» ይላሉ። ሰው ያላመመውን ነገር ከገላው ለይቶ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ አባትሽን አትቆጫቸው።

የተቀበረ ነገር ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ፔስሜከር፣ የልብ ምትን የሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። እሱ በዓለም ላይ በዓመት ለአንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይገባል፤ እኛ ጋ በብዛት የማየው ግን ሌላውን ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር፤ የሞራ መድኃኒቱ ደግሞ አውጥቶ ሌንስ መተካት ነው። በባጃጅና በሞተር አደጋ አጥንቱ ተሰብሮ ብረት የሚገባለትን አንቺም ሰፈርሽ ውስጥ ታውቂዋለሽ። ሴቶች ጋ ሲመጣ ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ካገቡ ሴቶች ከ100ው 9ኙ ይጠቀሙበት ነበር። ከእነዚህ አንዷ ኢምፕላኖን 4 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቀጭን ዘንግ ናት፣ ትረሳለች። ነገር ግን የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጉልበቷን ያዳክመዋል፤ ሕክምና ላይ ያለች ሴት ተከላክያለሁ ብላ ልታረግዝ ትችላለች። ይህን ማንም ባይጠይቃትም ራሷ መናገር አለባት።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ የልብ ቫልቭ ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር አበላሽቶ፣ ስንት ወጣት በሰው ሠራሽ ቫልቭ ይኖራል! አንዲት ልጅ ትርፍ አንጀት ተብላ ማታ ገባች። ክፍሉ ጸጥ ሲል አጠገቧ ቆሜ እንደ እጅ ሰዓት ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጇ ላይ ሰዓት የለም። ጆሮዬን ወደ ደረቷ ሳቀርብ ከዚያ ነው የሚመጣው። «የልብ ሕመም አለብሽ?» ተብላ ነበር፤ እሷም «የለብኝም» ብላለች። ተሠርታ ድናለችና አልዋሸችም። ዋርፋሪን በየቀኑ ትወስዳለች። ያ ደም ማቅጠኛ ሳይታወቅ ቢላዋ ቢያርፍባት ደሟን ማቆም ጭንቅ ነበር። ሐኪሙን ጠራሁት፣ ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይኤንአር ምርመራ ተሠራላት፣ ሁሉም ነገር በዚያ መሠረት ተስተካከለ። ለዚህ ነው «ሕመም አለብዎ?» ከማለት «ተቀድደው ያውቃሉ? ምን ገባልዎት?» ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። አንቺም አባትሽን እንዲሁ ጠይቂያቸው፤ ያልነገሩሽ ሊገኝ ይችላል።

ወደ እሳቸው ስመጣ፣ የሞራው ሌንስ ለኤምአርአይ አይከለክልም። የጭኑ ብረትም አጥንቱ ከገጠመ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ አያግድም፤ ወገብን ለማንሳትም ሩቅ ነው። ባለሙያው ግን ዓይነቱን ማወቅ አለበት፤ ሊሞቅ ይችላል፣ አጠገቡ ያለውንም ምስል ያበላሻል። ፔስሜከር፣ ጆሮ ውስጥ የተተከለ መስሚያ ወይም የአንጎል ደም ሥር ላይ ክሊፕ ያለው ሰው ከሆነ ደግሞ ዓይነቱ ሳይታወቅ ወደ ማሽኑ ክፍል ዝር ማለት የለበትም።

ስለዚህ ወደተሠሩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሂዱና በስማቸው ፋይሉን አስፈልጉ፤ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ላይ ምን ብረት እንደገባ ይጻፋል። ፋይሉ ከጠፋ ጭናቸው ራጅ ይነሳ፤ የብረቱ ቅርጽና ቦታ እዚያ ይታያል። ያገኛችሁትን በስልክሽ ፎቶ አንሺና አዲሱ ቀጠሮ ሳይደርስ ቀድመሽ ለኤምአርአይ ክፍሉ አሳያቸው፤ ያኔ አባባ ተመላልሰው አይደክሙም።