መልስ፦ የጆርጂያን የመብራት ዋጋ የሚወስኑት እነማን ናቸው?

ወንድሜ፣ «አትላንታ ውስጥ የመብራት ጭማሪ የሚያጸድቁት ኮሚሽነሮች መሐንዲሶች ናቸው ወይ?» ላልከው፣ አብዛኞቹ አይደሉም። ሕጉም አያስገድድም።

የጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አምስት አባላት አሉት። የመላው ግዛቱ መራጭ ለስድስት ዓመት ይመርጣቸዋል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ግን በሹመት ነው፤ በምርጫ የሚገቡባቸው አስር ያህል ብቻ ናቸው።

የመጡበት መንገድ ቅይጥ ነው። ቡባ ማክዶናልድና ጄሰን ሾው የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ነበሩ። ፊትዝ ጆንሰን ከጦር ሠራዊት ወደ ንግድ የገባ ሰው ነው። ቲም ኤኮልስ የወጣቶች ድርጅት መሥራች ነው። ጆንሰንና ኤኮልስ በኖቬምበር 2025 ተሸንፈዋል። ካሸነፏቸው አንዱ፣ ፒተር ሃባርድ፣ የንጹሕ ኃይል ተሟጋች ነው። ሌላዋ አሊሺያ ጆንሰን ስትሆን የመጣችው ከጤናና ከማኅበረሰብ ሥራ ነው።

እኔን ዲግሪያቸው ብዙም አያስጨንቀኝም። ቁጥሩን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ኮሚሽኑ ውስጥ አሉ። እኔ የማየው የመብራት ኩባንያውን ጆርጂያ ፓወርን «እምቢ» የማለት ወኔ አላቸው ወይ የሚለውን ነው። ጆርጂያ ፓወር ከሌሎች ጋር በጋራ የያዘው የቮግትል ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ማስፋፊያ በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ ከ30 ቢሊዮን በላይ ፈጀ። ኮሚሽኑ ደረጃ በደረጃ እያጸደቀ፣ ከጆርጂያ ፓወር የወጪ ድርሻ ብዙው የደንበኞቹ ቢል ላይ አረፈ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቢልህ የሚመጣው «ኢኤምሲ» ከሚባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሆነ፣ ዋጋህን የሚወስነው ኮሚሽኑ ሳይሆን የማኅበሩ ቦርድ ነው። መጀመሪያ ቢሉን እየው።