በአመት ሁለት ወር ብቻ ለሚሰራ የቡና መፈልፈያ ሞተር ዘይቱ መቼ ይቀየር?

ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ "ከልጆቼ ጋር ባለ ቤንዚን ሞተር የእሸት ቡና መፈልፈያ ገዝተን ነበር፣ የሚሰራው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ነው፣ ሌላውን ጊዜ ጎተራ ስር ቆሞ ነው የሚከርመው። ሁለት አመት ሞላው ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም፣ ሳየው ደህና ነው። ብዙ ላልሰራ ሞተር ዘይት መቀየር ገንዘብ ማባከን አይሆንም ወይ?"

ጋሼ እንዴት ኖት፣ ቡናውስ ዘንድሮ እንዴት ነበር? መልሱን ባጭሩ ልንገሮትና ወደ ምክንያቱ እንሂድ፣ ብዙም ሰራ ትንሽ ቢያንስ በአመት አንዴ ይቀየራል፣ የሚቀየረውም ቡናው አልቆ ማሽኑ ሊቀመጥ ሲል ነው እንጂ በመስከረም ሊነሳ ሲል አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋር ነው፣ "ሲነሳ እቀይርለታለሁ" ይላል፣ እስከዛ ግን ያ ያገለገለ ዘይት አስር ወር ሙሉ ብረቱን ሲበላው ይከርማል።

ዘይት ቢቆይ አይበላሽም የሚባለው ላልተከፈተው ነው። ሞተር ውስጥ አንዴ ከሰራ ጥላሸት አለበት፣ አሲድ አለበት፣ ውሃም አለበት። ውሃ ስሎት እንዳይገርሞት፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል፣ አብዛኛው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ይወጣል፣ ጥቂቱ ግን በፋሻው (ፒስተኑ ላይ ባለው ቀለበት) በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። ሞተሩ ረጅም ሰዓት ሰርቶ በደንብ ቢሞቅ ይተን ነበር፣ የኛው ግን ሁለት ጆንያ እሸት ፈልፍሎ ሳይሞቅ ይጠፋል። በዛ ላይ የጅማ እርጥበት አለ፣ በአመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ላይ ቆርቆሮ እንኳን ሲያልበው ያድራል።

እኔም የተማርኩት በራሴ ነው። የጎመን ማጠጫ ፓምፕ ነበረችኝ፣ አንድ ክረምት ከነዘይቷ ተውኳት፣ በታህሳስ ገመዱን ስስበው ንቅንቅ አልል አለ። ጋራዥ ወስጄ ዘይቱ ሲደፋ የወጣው ነገር ቁርጥ ማኪያቶ ነው፣ የሲሊንደሩ ግድግዳም ዝጎ ፒስተኑን ይዞታል። አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ቆጥቤ ነው ይሄ ሁሉ።

"ደህና ነው" ያሉትን ዘይት ደግሞ በአይን ብቻ አይመኑት። ትንሽ በሃይላንድ ቀድተው አሳድረው ጠዋት ከስሩ ይዩት፣ ውሃ ካለው ይታያል። ወይም ጠብታውን የጋለ ብረት ላይ ጣል ቢያደርጉት ጠስ ጠስ ካለ ውሃ አለበት (የእንጀራውን ምጣድ እንዳይነኩ ብቻ፣ ከቤት የሚያስወጣ ጥፋት ነው)።

ስለ ሰዓቱ ካነሳን የብዙዎቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ማንዋል አዲስ ሲሆን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ ከዛ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ነው የሚለው፣ ቀድሞ በደረሰው። እንደርሶ ሁለት ወር ሰርቶ ለሚያርፍ በአመት አንዴ ማስቀመጫው ላይ በቂ ነው ባይ ነኝ፣ 100 ሰዓት ካለፈ ግን መሃል ላይም ይቀየር። የርሶ ያ የ20 ሰዓቱም ስላመለጠው ሲፋቅ የወጣው የብረት ብናኝ እስካሁን ውስጡ ነው፣ እነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ የዘይት ፊልትሮ እንኳን የላቸውም። ስለዚህ አሁኑኑ ይቀይሩት።

አቀያየሩ ቀላል ነው፣ አስነስተው አስር ደቂቃ ያሙቁት፣ ያጥፉት፣ ትኩስ እንዳለ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈተው ወደዛው በኩል ዘንበል አድርገው ጠብ እስኪል ያፍስሱት፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ቆሻሻው ስሩ ይቀራል። 10ደብሊው-30 ወይም 30 ቁጥር የሚባለውን ዘይት እሽጉን ገዝተው ሜዳ ቦታ አቁመው እስከ መለኪያው ላይኛው መስመር ይሙሉ፣ የ5 ተኩል ፈረስ ጉልበቱ 0.6 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ አይትረፍረፍ። ከዛ ለሁለት ሶስት ደቂቃ አስነስተው አዲሱን ዘይት ያዳርሱት፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው እራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፣ ካርብሬተሩ ባዶ ይሆናል። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈተው በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ንፁህ ዘይት ጠብ አድርገው መልሰው ይግጠሙት፣ ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡና ጠንከር ሲልቦት እዛው ይተዉት፣ ቫልቮቹ ስለተዘጉ እርጥብ አየር አይገባም።

ተቀምጦ እንዳይደርቅ ብለው በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ የሚያስነሱ አሉ፣ ይሄ ነው ጭራሽ ውሃ የሚያጠራቅመው። ወይ ግማሽ ሰዓት ስራ ላይ ያዉሉት ወይ አይንኩት።

የናፍጣ ከሆነ 15ደብሊው-40 ነው፣ የሱ ዘይት በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል፣ መጥቆሩ ብቻውን ተበላሽቷል አያስብልም፣ ታንከሩንም ባዶ ሳይሆን ሞልቶ ነው የሚያስቀምጡት። ፓምፕም ካሎት ወቅቱ ይገለበጣል፣ የሱ ዘይት የሚቀየረው ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይከብድ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ቡናው ስር ወይ ወንዝ ዳር እንዳይደፉት፣ በጀሪካን ከድነው ጋራዥ ይስጡት። እና የቀየሩበትን ቀን ታንከሩ ላይ በማርከር ይፃፉበት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው አመት እርሶ ተቀይሯል ልጆቹ አልተቀየረም ስትባባሉ ነው የምትውሉት።