ሰባ ተማሪ፣ ሦስት ዛፍ፣ 40 ደቂቃ

“ሰባ ተማሪ ይዤ፣ ሦስት ዛፍ ብቻ ባለበት ግቢ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለ አካባቢ ምን ላስተምር?” ላሉት፦ ዛፎቹ ይበቁዎታል። አንዱ ባሕር ዛፍ፣ ሌላው ዋንዛ መሆኑ ደግሞ ዕድል ነው።

1. ክፍል ውስጥ ሳሉ ሰባት ሰባት አድርገው ይመድቧቸው፤ ለየቡድኑ አራት ሜትር ሲባጎ ይስጡ። ውጭ ወጥቶ መመደብ ከተጀመረ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

2. ግማሾቹ ከባሕር ዛፉ፣ ግማሾቹ ከዋንዛው ሥር በሲባጎው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይከልሉ። ውስጡ ያለውን የዕፅዋት ዓይነትና ነፍሳት ይቁጠሩ፤ አፈሩንም በጣታቸው ይፈርክሱ። 15 ደቂቃ ይበቃል።

3. ሲመለሱ ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ለምን ተለያየ? መልሱን ቶሎ አይንገሯቸው። የዋንዛ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አፈር እንደሚያለማ፣ ባሕር ዛፍ ግን ውኃ እንደሚሻማ ከቤት የሰማ ልጅ አይጠፋም፤ የገበሬ ልጆች ካሉማ እርስዎንም ያስተምሩዎታል። ቁጥሩ ከጠበቁት ውጭ ከሆነም እንዳለ ይጻፉት፤ ግቢው በየቀኑ ከተጠረገ ሁለቱም ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ራሱ መወያያ ነው።

ችግኝ ተከላን ግን የመጀመሪያ ሥራዎ አያድርጉት። እኔ ሞክሬዋለሁ፦ ሐምሌ ላይ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፤ በበጋው የሚያጠጣ ስላልተመደበ አብዛኛው ደረቀ፣ የተረፈውን ፍየል በላው። ከተከሉ ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ልጅ በስም ይመድቡ፤ የጥርና የየካቲት ውኃ ከየት እንደሚመጣም ጉድጓዱ ሳይቆፈር ይወቁ።