የድሮው ስም ጥላ
ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለች የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቻለሁ። በሁለቱም ጎኗ የቀድሞው ባለቤት ያስለጠፈው ስም አለ። ስቲከሩ ከማርጀቱ የተነሳ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ይፈረፈራል። በጥፍሬ ብሞክር የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ብቻ ነው የምትነሳው። በቢላ ስጀምረው ደግሞ ጀልባዋን ጫርኳት፤ ደንግጬ ተውኩት። አዲሱ ስም ተሠርቶ ጥቅልሉ ቤት ተቀምጧል። አሮጌውን እንዴት ላንሳው? አዲሱንስ እኔው ልለጥፈው ወይስ ለባለሙያ ልስጥ?
ቢላውን ያስቀመጥኩት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢላውን ማስቀመጥህ ደግ አደረግህ። እዚያው ይቆይ። ጀልባህ ላይ የምታየው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ጄልኮት ይባላል። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቢላም ምላጭም አንዴ ካዳለጠው ቶሎ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል።

ስቲከሩ የሚፈረፈረው ፀሐይ አድርቆት ነው። የስቲከሩ ፕላስቲክ ቪኒል ይባላል። ሲሠራ ማለስለሻ ይገባበታል፤ ማለስለሻው ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ፕላስቲኩ እንደ ብስኩት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሞቅ ነው። ተራ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃሃል። ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ፣ ደርቃ፣ አንተም ደረቅ መሬት ላይ ቆመህ ይሁን፤ በእጅህ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። ማድረቂያውን እያንቀሳቀስክ አንዱን ፊደል ብቻ አሙቅ። መዳፍህን ስታሳርፍበት መሞቅ አለበት እንጂ ማቃጠል የለበትም። ቀለም መላጫው ሂት ገን ፈጣን ነው፣ ግን ምሕረት የለውም። እኔ የወዳጄን ጀልባ ስሠራ ለደቂቃ ወሬ ያዘኝና አንድ ቦታ ላይ አቆየሁት። ጄልኮቱ ሳንቲም የሚያህል ፊኛ አወጣ። ወዳጄ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል።

ከሞቀ በኋላ የፊደሉን ጥግ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሳ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ይሠራል። ስትስብ ወደ ራስህ አትሳብ፤ ስቲከሩን ወደ ኋላ እጠፈውና ከጀልባዋ ጎን ሳይርቅ፣ በራሱ ላይ ተኝቶ እንዲሄድ ቀስ ብለህ ሳበው። ፍጥነትህ ልክ ሲሆን ሙጫውም አብሮ ይነሳል። ቪኒሉ ከተቆረጠ ወይ ቸኩለሃል፣ ወይ ቀዝቅዞብሃል። ያንተው በጣም ስላረጀ መቆራረጡ አይቀርም። አንድ ፊደል ሩብ ሰዓት ቢፈጅብህ አይግረምህ።

የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ሸፍነህ ጥቂት ደቂቃ ተወው፤ ራሱ ይላላል። ከዚያ መጥረግ ነው። አሲቶን ግን አልወድም። ጄልኮት ላይ ከቆየ ያለሰልሰዋል፣ ቀለም የተቀባ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። አደራ፣ ነጭ ጋዙን ከመክፈትህ በፊት ማድረቂያውን ከሶኬት ንቀለው። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም።

አሁን ደስ ብሎህ ራቅ ብለህ ስታይ የድሮው ስም እንደ ጥላ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ሙጫ ቀርቶ መስሎህ እንደገና እንዳትፍቅ። በዙሪያው ያለው ጄልኮት ዓመታት ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፤ ስቲከሩ የሸፈነው ግን እንደ አዲስ ነው ያለው። የምታየው የሁለቱን ልዩነት ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አዲሱን በላዩ የሚለጥፈው። ከዚያ ሁለት ስም ያላት ጀልባ ትሆናለች።

መላው ዙሪያውን ማደስ ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የደበዘዘውን ገጽ ፈግፍጎ የሚያነሳ ቅባት፣ ገዝተህ ሽፋኑን እሸው፤ ቀጥሎ በፖሊሽ አብራው። ስሙ ላይ ብቻ ካሸህ ልዩነቱ ይብሳል፤ ሰፋ አድርገህ ጎኑን በሙሉ ያዝ። ሲመሽ ባትሪ ከጎን አብርተህ እየው፤ ቀን ያልታየህ ጥላ ያን ጊዜ ይወጣል። አንዳንዱ ጥላ ጨርሶ አይጠፋም። ያኔ የሚያዋጣው አዲሱ ጽሑፍ የድሮውን እንዲሸፍን ሰፋ ብሎ መሠራቱ ነው። ያንተ ጥቅልል አንዴ ተሠርቷልና በላዩ ዘርግተህ ለካው።

ወደ አዲሱ እንሂድ። ሰም አትቀባ! እኔ አንዴ ጀልባዋን በሰም መስታወት አስመስዬ ከለጠፍኩ በኋላ፣ በማግስቱ የመጀመሪያው ፊደል ጥቅልል ብሎ መሬት ላይ አገኘሁት። ሰሙ የሚቀባው ስቲከሩ ጠንክሮ ከያዘ በኋላ ነው። ከመለጠፍህ በፊት ቦታውን በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ በመጨረሻም በአልኮል ጥረገው። ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው፤ የእጅ ወዝም ሙጫ ያስለቅቃል።

ቦታውን ስትመርጥ ውኃ ልክ ብቻ አትመን። የጀልባ ጠርዝ ወደ ፊት ከፍ እያለ ይሄዳል። በውኃ ልክ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ለዓይን ወደታች ያዘነበለ ሊመስል ይችላል። ጥቅልሉን ዘርግተህ፣ የጀርባውን ወረቀት ሳትልጥ፣ በወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ አስር እርምጃ ራቅና እየው። ሰውም ጠይቅ። ካማረህ፣ በላይኛው ጠርዙ በኩል በሙሉ ፕላስተር ለጥፍበት፤ ፕላስተሩ እንደ በር ማጠፊያ ይሆንልሃል። ወደ ላይ ገልብጠህ የጀርባውን ወረቀት ልቀቀው።

ለጀማሪ እርጥቡን መንገድ እመርጣለሁ። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ ጀልባዋንም የስቲከሩን ሙጫም እርጭ። ስቲከሩ ይንሸራተታል፤ እስኪስተካከል ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ከዚያ በፕላስቲክ ካርድ ከመሐል ወደ ጠርዝ ውኃውን ግፋ። አሁን ታገሥ። ፊደሎቹን ከላይ አንድ ላይ የያዘውን ማሸጋገሪያ ወረቀት ወዲያው ከላጥከው ፊደሎቹን ይዞ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት፣ ቀዝቀዝ ካለም ከዚያ በላይ ጠብቅ፤ ከዚያ በራሱ ላይ አጥፈህ በዝግታ ላጠው። ይህን ሁሉ በጥላ ሥር አድርገው፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ግን ሙጫው ደንዝዞ አይዝልህም። የቀረች የአየር ፊኛ ካለች በመርፌ ወግተህ በጣትህ ጫናት። ሁለት ቀን ውኃ አታስነካት።

የባለሙያውን ነገር ካነሳህ፣ ስሙን ራስህ ለጥፈው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ረጅም መስመር ቢሆን ኖሮ ግን ጥራ እልህ ነበር። እሱን ብቻዬን ሞክሬ ቆዳዬ እስኪላጥ ከራሱ ከስቲከሩ ጋር ተጣብቄያለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? የእንጨት ጀልባችንን ቀለም ቀብተን ትናንት ጨረስን። ስቲከሩን ነገ ብንለጥፍስ?
ባልና ሚስት

መልስ፦ ነገ አይሆንም። ቀለሙ ሲነኩት ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። ገና ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ቪኒሉ ሥር ሲታፈን ገጹን ሁሉ እንደ ኩፍኝ ያደርገዋል። ቆርቆሮው ላይ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክርበት ጊዜ ተጽፏል፤ እንደ ቀለሙ ዓይነት ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ስቲከሩን እስከዚያ በቱቦ ላይ ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት፤ የእጥፋት መስመር ከተለጠፈም በኋላ ይታያል።