ዳክዬ በዶሮ ማሽን ይነጫል?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ለምግብ ቤቶች የታረደ ዶሮ እናቀርባለን። የበርሜል ቅርጽ ያለው ላባ መንቀያ ማሽናችን ዶሮን በግማሽ ደቂቃ ያጸዳል። ዳክዬ ስናስገባ ግን ትልልቁ ላባ ይወጣና የውስጡ ለስላሳ ላባ እንዳለ ይቀራል። ደጋግመን ስናዞረው ቆዳው ይላጣል፣ ክንፉም ይሰበራል። ውሃውን ለዶሮ እንደለመድነው ግማሽ ፍል፣ ግማሽ ቀዝቃዛ እናደርጋለን። ሌላ ማሽን እንግዛ?

መልስ፦ አይግዙ፤ የሚስተካከለው ውሃው ነው። ዳክዬ ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ በሚወጣ ቅባት ላባዋን ስለምትቀባ ውሃ ቆዳዋ ድረስ አይዘልቅም። ቆዳው ካልሞቀ የላባው ሥር አይላላም፤ የማሽኑ የጎማ ጣቶች ምንም ያህል ቢመቱ አይነቅሉትም።

የአዲስ አበባ ከፍታም አለበት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 17 ዲግሪ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል 55 እንኳ አይሞላም። ለዳክዬ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ያስፈልጋል፦ 3 እጅ ፍል ውሃ በ2 እጅ ቀዝቃዛ። ዳክዬዋ ስትገባ ውሃው ስለሚበርድ ቴርሞሜትር አይለየው። ቅባቱን የሚሰብረው ሳሙና ነው፤ ለ40 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፣ በኋላም በደንብ ያለቅልቁ። እግሯን ይዘው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ከፍ ዝቅ ያድርጓት፤ ደረቷና ብብቷ ላይ ላባውን በዱላ ወደ ኋላ እየገለበጡ ውሃ ያስገቡ። የጅራት ላባ ሲስቡት ሳይታገል ከወጣ ደርሷል። ከዚያ ካለፈ ቆዳው ይበስላል፤ የበሰለ ቆዳ ደግሞ ማሽን ውስጥ ይላጣል።

የክንፍና የጅራት ትልልቅ ላባዎችን አስቀድመው በእጅ ይንቀሉ። ከ2 ዳክዬ በላይ አያስገቡ፤ ውሃ እየረጩ 20 ሰከንድ ያዙሩ፣ አቁመው ይዩ፣ ካስፈለገ 10 ይጨምሩ። ክንፍ የሚሰበረው ሲታጨቅ ነው፤ ወይም በሚሽከረከረው ሳህንና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ። የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ጣት ቆዳ ይቀዳልና ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ከማሽን ከወጣ በኋላ እንደ እሾህ የሚዳሰስ አጫጭር ላባ ይቀራል።

መልስ፦ ገና እየበቀለ ያለ አዲስ ላባ ስለሆነ ማሽን አይዘውም። ነጩ የፔኪን ዝርያ ዳክዬ ዕድሜው ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሳለ ይታረድ፤ ካለፈ አዲስ ላባ ማብቀል ይጀምራል። ለተረፈው፣ ዳክዬዋን አድርቀው በቀለጠ ለምግብ በሚሆን ፓራፊን ሰም ይንከሯት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቷት፣ ሲጠነክር ይላጡት። ሰሙን ፍል ውሃ ላይ በተቀመጠ ድስት ያቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላል። የሻማ ቁርጥራጭ ቀለምና ሽታ ስላለው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ስንነካው አልፎ አልፎ ይነዝረናል።

መልስ፦ አሁኑኑ ከሶኬት ይንቀሉት። ውሃ በሚረጭበት ቤት ይህ ሰው ይገድላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የማሽኑን አካል ከምድር ሽቦ ጋር ሳያገናኝ፣ ሞተሩ ውሃ አለማስገባቱን ሳያረጋግጥና መስመሩ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን የሚቆርጥ ብሬከር ሳይገጥም መልሰው አያስነሱት።